የጓሳ ክዳን፦ በመንዝ የአንዲት መማሪያ ጎጆ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

የጥምቀት በዓል አልፎ ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ትምህርት ቤታችን በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጓሳ ወደተባለው የደጋ ሣር ሜዳ በሚወስደው መንገድ በኩል ይገኛል። የተፈጥሮ ክበባችን ተማሪዎች ባለፉት ሁለት ዓመታት የሰበሰቧቸው የዕፅዋት ናሙናዎች፣ የድንጋይ ዓይነቶችና ከየቤቱ የተለመኑ አሮጌ የሥራ ዕቃዎች በአንድ ክፍል ጥግ በካርቶን ታጭቀው አቧራ ለብሰዋል። ለእነርሱ ማረፊያ፣ ለልጆቹም መማሪያ የምትሆን አንዲት ክብ ጎጆ በግቢው ውስጥ ለመሥራት ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተስማምተናል።

ክዳኗ የጓሳ ሣር እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የመማሪያ ክፍሎቻችን ሁሉ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው፤ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው መደዳ አያልፍም፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ደግሞ ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሣር ክዳን ቤት የሚኖር እጁን እንዲያወጣ ብጠይቅ ከ41 ልጆች 6 ብቻ አወጡ፤ ከእነዚያም ውስጥ ክዳኑ ሲከደን ያየ አንድም አልነበረም።

ከዳኝ ፍለጋ አራት ቀን ወሰደብን። በመጨረሻ የተገኙት አዛውንት ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው መንደር ናቸው። የቀን ሒሳባቸውን የወላጆች ኮሚቴው ይከፍላል። ሲስማሙ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ግን አንድ ነው፦ «እኔ አልሠራላችሁም። እናንተ ትሠራላችሁ፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ ሲጣመም እናገራለሁ።»

ጥር 24

መሠረቱን ቀየስን። አዛውንቱ መሐል ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው፣ በሌላው ጫፍ በያዙት እንጨት መሬቱን እየጫሩ ዞሩ፤ በሒሳብ መጽሐፋችን ውስጥ ያለው ኮምፓስ በትልቁ ማለት ነው። የውስጡ ወርድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ሆኖ ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ የክዳኑን ስፋት ለማወቅ ከልጆቹ ጋር አሰላን። ክዳኑ ከግድግዳው ውጭ ግማሽ ሜትር ስለሚወጣ ከመሐል እስከ ጠርዙ 3 ሜትር ይሆናል፤ ቁልቁለቱ 45 ዲግሪ ከሆነ ከጫፉ እስከ ጠርዙ ያለው ርዝመት 4 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚከደነው ገጽ ወደ 40 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ቁልቁለቱ ለምን ከዚያ እንደማይቀንስ አዛውንቱን ጠየቅናቸው። ሣር ውኃን የሚከለክለው ቶሎ ስለሚያወርደው እንጂ ስለማያስገባው እንዳልሆነ፣ ክዳኑ የተኛ እንደሆነ ውኃው መንገዱን ረስቶ ወደ ውስጥ እንደሚሄድ ነገሩን። ሣሩ 60 ሸክም ይበቃል ብለን ገመትን። እርሳቸው ግን ቁጥሩን ሰምተው ዝም አሉ።

ጥር 30

የግድግዳው ሥራ ጉልበት እስኪደርስ ሄዶ ዛሬ ግማሹ ፈረሰ። ያፈረሱት አዛውንቱ ናቸው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። በመንዝ ቤት የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ ግድግዳው የውጭና የውስጥ ሁለት ፊት አለው፣ መሐሉ በትናንሽ ድንጋይና በጭቃ ይሞላል፣ በየሁለት ሦስት እርከኑም ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። እኔ ፊቱ እንዲያምር ብቻ ተጨንቄ ረጃጅሞቹን ድንጋዮች በርዝመታቸው ወደ ውጭ አሳይቼ ደረደርኋቸው። በአንድ በኩል ደግሞ የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ወጥቶ ነበር። አዛውንቱ በከዘራቸው መስመሩን ከላይ እስከ ታች አሳዩኝና፣ ይህ ግድግዳ ሁለት ቤት ሊሆን ያሰበ ነው አሉ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስናፈርስ ዋልን።

የካቲት 4

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ምክንያት ቀኑ ለእኛ ነጻ ስለነበር ሣር አጨዳ ሄድን። ይህን ቀን በዝርዝር ልጽፈው እወዳለሁ።

የጓሳ ሣር ማንም ማጭዱን ይዞ ሄዶ የሚያጭደው አይደለም። መብቱ የባለ ድርሻ ቀበሌዎች ነዋሪዎች ነው፤ እኔ ስድስት ዓመት ባስተምርም ከሌላ አገር የመጣሁ በመሆኔ ድርሻ የለኝም፣ ትምህርት ቤቱም የለውም። ስለዚህ ወላጆች እያንዳንዳቸው ከተፈቀደላቸው ድርሻ ቢያንስ አንድ አንድ ሸክም ለጎጆዋ እንዲሰጡ ተስማሙ፣ የአካባቢው የጥበቃ ኮሚቴም ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር እንዲያጭዱ ፈቀደ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ነውና መሬቱ በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ አባቶች በርኖሳቸውን፣ ልጆቹም ያገኙትን ሁሉ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ፀሐይ ስትወጣ የሜዳው ሣር ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ለማየት ቆምን። ጅብራዎቹ በየቦታው ብቻቸውን እንደ ዘብ ቆመዋል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚደርቅ ለልጆቹ ስነግራቸው፣ አንዷ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ደረቀ ግንድ ጠቁማ «ይኼ እንግዲህ አብቦ ጨርሷል ማለት ነው?» አለች። በክፍል ውስጥ ያንን ያህል የገባው ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል አፋፍ መውጣት ጀመሩ። እነዚህ ዝንጀሮዎች እንደ ከብት ሣር እየነጩ የሚኖሩ ናቸው፤ መቶ የሚሆኑት ተቀምጠው እየተሳቡ ሲግጡ የሚያሰሙት ጉርምርምታ ከሩቅ ገበያ ይመስላል። በመሐላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ በዝግታ ሲሄድ አየን። ልጆቹ ግልገሎቹን ሊበላ ነው ብለው ሊጮኹ ሲሉ አባቶች ዝም አሰኟቸው። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥና ፍልፈል ነው፤ በጭላዳ መንጋ መሐል ሲሆን አይጦቹ ቶሎ ስለማያስተውሉት አደኑ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ እንደሚቀናው እዚሁ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ታውቋል። ቀበሮውም ይህን ጥቅሙን የሚያውቅ ይመስል ግልገሎቹን እምብዛም አይነካም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፣ የጎለመሱት ቁጥርም ከ500 በታች ነው፤ ይህን ቁጥር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ግን ከልጆቹ አንዱ አብሮን የቆመውን ቀበሮ እያየ «ከእነዚያ አንዱ ይኼ ነው» ብሎ ቆጠረው።

አጨዳው ሕግ አለው። ሣሩ ችፍግ ችፍግ ብሎ የሚበቅል ነው፤ አጫጁ ችፍጉን በግራ እጁ ጨብጦ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ያጭዳል። ከዚያ ዝቅ ካለ ችፍጉ ይሞታል፣ ከተነቀለ ደግሞ ቦታው ባዶ ይቀራል። አንድ ልጅ ቸኩሎ ሥሩን ይዞ ቢነቅል አባቱ ሳይሆኑ የሌላ ልጅ አባት ተቆጡት፤ የተነቀለውንም መልሶ እንዲተክለውና በእግሩ እንዲረግጠው አደረጉት። ይጽደቅ አይጽደቅ ለሰኔ እንመለስበታለን። የታጨደው በነዶ እየታሰረ፣ ሥሩ ከሥሩ ጫፉ ከጫፉ እየተስተካከለ ይቀመጣል፤ ለከዳኝ የተዘበራረቀ ሣር ጭድ ማለት ነው።

ሳር ሥር እጃችንን ስናስገባ መሬቱ እርጥብ ነበር። ከመስከረም ወዲህ የረባ ዝናብ አልጣለም፤ ነገር ግን ጉሙና ጤዛው በሣሩ ተይዞ ወደ ታች ስለሚንጠባጠብ አፈሩ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ይከርማል። ጓሳ ውኃው የሚከፈልበት ተረተር ነው፦ በአንዱ ወገን የወረደው ወደ ዓባይ፣ በሌላው የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ልጆቹ በጠርሙስ የያዙትን ውኃ ግማሹን ወደ ምዕራብ ግማሹን ወደ ምሥራቅ አፍስሰው አንዱን ግብፅ አንዱን አፋር ላክነው እያሉ ተጫወቱ።

የካቲት 6

ሣሩ በአህያና በሰው ሸክም ግቢ ገባ። 58 ሸክም። ለማድረቅ በፀሐይ ተሰጥቷል።

የካቲት 13

ግድግዳው አለቀ። በዚህኛው ዙር ረጃጅሞቹ ድንጋዮች ተጋድመዋል። ምሰሶው ቆመ፦ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ግማሽ ሜትሩ ተቀብሯል። ወራጆቹም ማገሮቹም ባሕር ዛፍ ናቸው። አዛውንቱ ድሮ ጥድ ነበር ብለው ተከዙ፤ እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም፤ በአካባቢያችን የቀረውን ጥድ ለዚህች ጎጆ ብለን ብንቆርጥ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ምን አፍ ኖሮን እናስተምራለን? ባሕር ዛፍ ከውጭ የመጣ፣ ውኃ የሚጠጣ ቢባልም ከአገሬው ዛፍ ላይ መጥረቢያን ያነሣ እርሱ ነው።

የካቲት 25

ዛሬ የዐቢይ ጾም መግቢያ ስለሆነ ቀለል ያለ ሥራ ብቻ ሠራን። አዛውንቱ ወራጅ እየላጡ ስለ ቄሮ አጫወቱን። ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ስለሚሰማ ልጆቹ ግር ብሏቸው ተያዩ። በመንዝ ቄሮ የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓት ነው። አጀማመሩ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወሰዳል፤ አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ ስፍራውን በሁለት ከፍለው፣ የየወገኑ ተወላጆች በየራሳቸው ቄሮና በመረጧቸው አለቆች ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሙሉ ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ያስነግሩ ነበር፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይታጨድ፣ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባ፣ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ አቦ ተመልሶ ይዘጋ ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ መብቱ የተወላጅ ብቻ መሆኑ ቀረ፣ ቄሮውም አብሮ ወደቀ። ዛሬም የካቲት 25 መሆኑን አንዱ ተማሪ ሲያስተውል አዛውንቱ ሥራቸውን አቆሙ። ያኔ ወጣት እንደ ነበሩ፣ ድርሻ ያልነበረው ሁሉ ድርሻ በማግኘቱ ደስታው ትልቅ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ሁሉም ገብቶ በማጨዱ ሣሩ በጥቂት ዓመታት እንዳጠረ ነገሩን። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገሩት፤ የፊተኛው ጥሩ የኋላኛው መጥፎ ነው ሳይሉ። አሁን ያለው ጥበቃ ከየቀበሌው በተመረጡ ሰዎችና በመተዳደሪያ ደንብ የሚመራ ነው። ልጆቹ የዛሬውን ደንብና የድሮውን በሁለት ዓምድ እንዲጽፉ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው።

መጋቢት 3

ገመድ። ለ40 ካሬ ሜትር ክዳን የሚያስፈልገው የገመድ ብዛት ከግምታችን ውጭ ሆነ። ሚስማር አንጠቀምም፤ ማገሩ ከወራጁ፣ ሣሩም ከማገሩ የሚታሰረው ከዚያው ከጓሳ በተገመደ ገመድ ነው። የአንዷ ተማሪ አያት መጥተው አስተማሩን። ሣሩ ማታውኑ ውኃ ተረጭቶበት ያድራል፣ ያለዚያ ይሰበራል። ሁለቱ ዘለላዎች ለየብቻ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛሉ፣ አንድ ላይ ሲገመዱ ግን ወደ ግራ፤ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ስለሚያጠብቀው ገመዱ ራሱን ይይዛል። ይህን በፊዚክስ ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ እማማ ደግሞ የእኔን ገመድ በሁለት ጣታቸው ጎትተው በጠሱት። እስከ ማታ ድረስ እርሳቸው የገመዱት ከስምንታችን ይበልጥ ነበር።

እግረ መንገዳቸውን ገሳ የሚሠራበትን አሠራርም አሳዩን፤ እረኛ በክረምት የሚከናነበው ይህ የሣር ልብስ አሁን በላስቲክ ተተክቷል። አንድ እንዲሠሩልን ለመንናቸው፣ እሺ ብለዋል።

መጋቢት 11

በልጉ ከጠበቅነው ቀድሞ ወረደ። ግድግዳው ተመርጎ ነበር፣ ክዳን ግን የለውም። የተከራየነው ሸራ በነፋስ ተገልጦ በሰሜን በኩል ያለው ምርጊት በሙሉ ታጥቦ ወረደ። ከሣሩም 9 ሸክም ከታች ረጥቦ ሻጋታ አወጣ፤ መሬት ላይ ድንጋይ ሳላነጥፍ ማስቀመጤ ዋጋ አስከፈለን። ለአባቶች መንገር ከብዶኝ ነበር።

መጋቢት 13

ነገርኋቸው። 25 ሸክም ጨምረው አመጡ። አዛውንቱ በጥር ዝም ያሉበት ምክንያት አሁን ገባኝ።

መጋቢት 20

ክዳኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የሚጀመረው ከታች፣ ከጠርዙ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የበታቹን ማሰሪያ እየሸፈነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ውኃ የሚያገኘው ገመድ አይኖርም። አንድ ሰው ከውጭ በእንጨት መርፌ ገመዱን ይሰዳል፣ ሌላው ከውስጥ ተቀብሎ በማገሩ ላይ አዙሮ ይመልሰዋል። ውስጥ ያለው ሰው ውጭ ያለውን አያየውም፤ በድምፅ ብቻ ነው የሚግባቡት። በክፍል ውስጥ ሲጣሉ የሚውሉ ሁለት ወንድ ልጆችን አዛውንቱ ሆን ብለው አንዱን ከውጭ አንዱን ከውስጥ አቆሟቸው። እስከ ቀትር ድረስ ሲነቃቀፉ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ከ«ሳብ» እና ከ«ያዝ» በቀር ቃል አልተሰማም።

ውፍረቱን አዛውንቱ የሚለኩት በእጃቸው ነው፦ አንድ ስንዝርና አራት ጣት። ልጆቹ በማስመሪያ ሲለኩት በአሥራ አንድ ቦታ ላይ ልዩነቱ ከ2 ሳንቲሜትር አልበለጠም።

መጋቢት 26

የክዳኑ ጫፍ ሣሩ ሁሉ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ውኃ ለመግባት የመጀመሪያው በር እርሱ ነው። አንገቱ ላይ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከላይ ታችዋ የተነደለ አሮጌ የሸክላ ማሰሮ ተደፋበት። ማሰሮዋን ያመጣችው ተማሪ እናቷ ጠላ የጠመቁባት እንደ ነበረች ተናግራለች፤ አሁንም ጌሾ ጌሾ ትሸታለች።

ሚያዝያ 9

ዕቃ ማስገባት ጀመርን፣ ያላሰብነው ጭቅጭቅም ተነሣ። አዛውንቱ ውስጥ እሳት መንደድ አለበት ይላሉ፤ የሣር ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከውስጥ ጭስ ሲጠጣ ነው፣ ነፍሳትም አይገቡበትም፣ እርጥበትም አያበሰብሰውም። ለዚህም የራሳቸውን ቤት ጠቀሱ፤ ክዳኑ የበኩር ልጃቸው እኩያ ነው። እኛ ደግሞ የምናስቀምጠው በወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ዕፅዋት ነው፤ ጭሱ ቀርቶ ፍንጣሪው ያስፈራናል። የሰው መኖሪያ በየቀኑ በምድጃ ይጠበቃል፣ ማሳያ የሆነ ቤት ግን ማንም የማያነድበት ቤት ነው። ባህላዊ ቤት ሠርተን ባህሉን ከውስጡ ልናወጣው መሆኑ ትንሽ አሳፈረኝ። የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ በየወሩ አንድ ቀን ናሙናዎቹ በሣጥን ሆነው ይወጣሉ፣ በመሐል ምድጃ ላይ በአዋቂ ፊት እሳት ይነዳል፣ ቀኑን ሙሉ ይጨሳል። የእሳት ማጥፊያ አሸዋና ውኃ በር ላይ ይቀመጣል።

የዕፅዋቱን ስም ዝርዝር ለማረም ገመድ ያስተማሩንን እማማ ጠራናቸው። ጓሳ፣ ጅብራ፣ አስታ፣ ጦስኝ፣ ኮሶ እያልን ስናነብ ቆዩና ጦስኙን ከወረቀቱ ላይ አንሥተው አሸተቱት። ይኼ ሽታውን ጨርሷል፣ ለልጅ የሚሰጥ አዲሱ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ከሳይንሳዊውና ከአማርኛው ስም ቀጥሎ «አገልግሎቱን የነገረን ሰው» የሚል መስመር ጨምረናል።

ሚያዝያ 30

የፋሲካው ዕረፍት አልቆ ተመልሰናል። ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበርና ጠዋት ልጆቹ ከእኔ ቀድመው ጎጆዋ ውስጥ ገብተው ጣራውን ሲያዩ አገኘኋቸው። ያፈሰሰችው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከበሩ በስተግራ፣ ከጠርዙ ሦስተኛው እርከን ላይ። አዛውንቱ ከውጭ በእጃቸው ዳስሰው ሣሩ የሳሳበትን ቦታ አገኙ፤ እርከኑን የከደንሁት እኔ መሆኔን ማንም አላነሣም፣ ሁሉም ግን ያውቃሉ። ሁለት ነዶ ተጨምሮ ታሰረ።

የሣሩ ሒሳብ ተዘግቷል። 58 እና 25 በድምሩ 83 ሸክም ገብቷል፤ 9 ተበላሽቷል፣ 71 ለክዳኑና ለገመዱ ውሏል፣ የተረፈው 3 ሸክም ለጥገና በማገሩ ላይ ተሰቅሏል። የሰጡት 51 አባወራዎችና እማወራዎች ስም በልጆቹ እጅ ተጽፎ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ተለጥፏል። ገሳው ደግሞ ትናንት ደርሶልን ከምሰሶው ላይ ሰቅለነው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አልነበረም። ለካስ አንዱ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ዝናቡን ተከናንቦት ወደ ቤቱ ሄዷል፤ በዕረፍት ሰዓት እርጥቡን መልሶ አምጥቶ እንዲደርቅ በፀሐይ ላይ ዘርግቶታል።